ያላለችው ምስጋና

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ቤተ መጻሕፍቱን ጠርጌ፣ ወንበር ደርድሬ፣ እንደ ሁልጊዜው ቃለ ጉባኤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ዘንድሮ የወጣቶች ተወካይ ጨምሯል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ቀጮ የምንላት። ስብሰባው ግን ጠዋት አራት ሰዓት... ልጅቷ ክፍል ውስጥ ናት። ሰብሳቢው፣ «ይኸው፣ ብንጠራቸውም አይመጡም» አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ያሉትን ጻፍኩ። መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
አስፈቅዳ መጣች። በር ሥር አስቀመጧት። ተራ የሰጧት ሰው ለመሄድ ሲነሳሳ ነው።
«እኛ ከትምህርት ቤት የምንወጣው አሥር ሰዓት። እናንተ የምትዘጉት አሥር ሰዓት። ታዲያ ለማን ነው የከፈታችሁት?»
ሰብሳቢው ሳቁ። «ጎሽ የኔ ልጅ። በሉ ቀጣይ አጀንዳ።»
ጎሽ ብሎ ማለፍ ከስድብ በምን ይሻላል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ቀጮ የሰኞውን ቃለ ጉባኤ ልትፈርም መጣች። አነበበች። ደግማ አነበበች።
«‹ተወካይዋ ምስጋናዋን ገለጸች› ይላል። ማነው ያመሰገነው፣ እትዬ?»
«እንደው... ሁሌም እንዲህ ነው የምንጽፈው።»
«አለመስማታችሁስ ይሁን። ያላልኩትን ግን አታስብሉኝ።»
እስክሪብቶውን አስቀምጣ ወጣች። ከእንግዲህ አልመጣም ብላ።
ከሰኞ ጀምሮ በሰብሳቢው ስበግን ሰነበትኩ... ቃሏን የዋጥኩት ግን እኔ። ፊደል የለየሁት ስኳር በተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ተቀዶ የጎደለውን ዓረፍተ ነገር ስፈልግ ነው ያደግሁት። እንዴት የሰው ቃል ቀድጄ እጥላለሁ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ገጹን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ጥያቄዋን ቃል በቃል። ከሥሩ ለመልሱ ሁለት ባዶ መስመር።
«አለስልሺው እንጂ፣ እህቴ» አሉ ሰብሳቢው።
«ያለችው ይህንን ነው።»
«ባዶው መስመርስ? እንዲህ ሆኖ አይፈረምም።»
«እንግዲያው ይመለስላት። እሷ ባለችበት።»
ምን ነካሽ ዛሬ አሉኝ። እኔ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16
ገጹን ይዤ ቀጮ ቤት ሄድኩ። አነበበችው። «ቅዳሜ ከሆነ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23
ገጹ ሳይፈረም እንዳይቀር ሲሉ ስብሰባውን ቅዳሜ አደረጉት። ቀጮ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች፤ አጀንዳውም ከእሷ ጥያቄ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭቅጭቅ። ራሴን አዞረኝ። በመጨረሻ ሰብሳቢው፣ «እሺ፣ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ይከፈት እንበል። ማን ይቆያል?» አሉ። ሁሉም ወደ ጫማው አየ።
«ቁልፉን ልጆቹ ይያዙ። እኔ አብሬ እቆያለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነው።
ተስማሙ። ባዶው መስመር ላይ ጻፍኩት። ቃለ ጉባኤ በያዝኩበት ዘጠኝ ዓመት የኔ ቃል መዝገብ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀጮ ጣቷን እያስኬደች አነበበች።
«ይሄን በእርግጥ ብለዋል፣ እትዬ?»
«ብያለሁ።»
ፈረመች።