የገናው ሞራ

መተማ፣ ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ከቀበሌው ሱቅ ሳሙና ከጠፋ ከረመ። ከገና ቅርጫ የተረፈውን ሞራ በአመድ ውሃ አፍልቼ የሠራሁት ሳሙና ዛሬ ደረቀልኝ። መልኩ ባያምርም አረፋው ደስ ይላል። ዳቦም ጋግሬ ነበር፤ ከሁለቱም ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘይነብ ወሰድኩላቸው። ዳቦውን በትኩሱ ቆርሰው ቀመሱና «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ!» ብለው የቀረውን ለልጅ ልጆቻቸው ሸፈኑት። ሳሙናውን ግን አገላብጠው አሸተቱት።

«ሞራው የማን እርድ ነው?»

«የክርስቲያን ነው፣ እትዬ።»

ሳቁ። «እንግዲያው ለኔ በዚህ ሥሪልኝ» ብለው አንድ ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት አስያዙኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ዘይቱን ላስቀምጥ ጓዳ ስገባ የዳቦ መጋገሪያዬን አየሁት። ጠዋት ዘይት አልቆብኝ የቀባሁት በዚያው ሞራ ነው። ሄጄ ልንገራቸው? ልጆቹ እኮ እስካሁን ጨርሰውታል።