የፈረሰኛው አጥንት

ጌቱዬ፣

አንተ የሌለህበት የመጀመሪያው ፋሲካ አለፈ። ደህና ነን። እዚህ ስዊድን፣ የሄሰልቢው ቤታችን እንዳለ ነው፤ ኮሪደሩን ብቻ ነጭ ቀለም ቀቡት። መጻሕፍትህን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ወስዷል። ከጋዜጣ የቆረጥከው፣ ቻይና የተገኘው ባለላባ ዳይኖሰር፣ አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

የከበደኝን ልንገርህ። ከቀብርህ ወዲህ ሊያ አማርኛ አቆመች። የምላትን ሁሉ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ልጃችንን አማርኛ የምታናግራት አንተ ነበርክ፣ ያውም ዶሮ ስትበልት። ሌላ ቤት ዶሮ የምትበልተው ሴቷ ናት፤ እኛ ቤት የአናቶሚ መምህሩ ቢላዋውን አይለቅም ነበር። አሥራ ሁለቱን ብልት እስክታወጣ አጥንት በአጥንት ታስረዳታለህ፤ እሷም በአማርኛ ትከራከርሃለች። ያ ወሬ አብሮህ ተቀበረ ብዬ ነበር።

ዘንድሮ ቢላዋውን ሊያ አነሳች። አልከለከልኳትም። እጇ ያንተ ነው፤ መገጣጠሚያውን ሳትፈልግ ታገኘዋለች።

ታች ፎቅ ያሉት እትዬ ዘነበች አብረውን ሊፈስኩ መጡ። ታውቃቸዋለህ፣ ስዊድንኛቸው ከ"ሄይ" አያልፍም። ያንተን ፈረሰኛ ለእሳቸው አወጣሁላቸው። አገላብጠው አዩት።

"ምነው ልጄ፣ አጥንቱስ? ፈረሰኛ እንዲህ ራቁቱን ይቀርባል?"

አፈርኩ። ሊያ ብድግ ብላ አጥንቱን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አመጣችው። አውጥታ፣ አጥባ፣ አድርቃዋለች። በስዊድንኛ ማስረዳት ጀመረች።

"በሚገባኝ ንገሪኝ እንጂ!" አሉ እትዬ ዘነበች።

ሊያ አጥንቱን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ከዚያ በአማርኛ ጀመረች፤ ቀስ እያለች፣ እየተደናቀፈች። ይህ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ አጥንት ሥጋ በል ዳይኖሰሮችም ደረት ላይ ነበረ፤ ዶሮ ከእነሱ ወገን ነው የወረሰችው። እግሯ ላይ ያለውም ቅርፊት የእንሽላሊትን ይመስላል።

"ታዲያ የእንሽላሊት ዘመድ ነው ያበላችሁኝ?"

"ይበልጥ የሚቀርባት አዞ ነው፣ እትዬ።"

"ኤዲያ! ሁለት ወር ሙሉ ጾሜ በአዞ ልፈስክ?"

ሊያ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

"እኛስ ከማን ወረስን?" አሏት ቀጥለው።

ጣቷን ከጆሯቸው ሥር፣ መንጋጋቸው የሚያልቅበት ላይ አደረገች። የጡት አጥቢዎች የጥንት ቅድመ አያቶች መንጋጋ ከብዙ አጥንት የተሠራ ነበር አለች። ከእነዚያ አንዳንዶቹ እያነሱ እያነሱ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ዛሬ ጆሯችን ውስጥ ድምፅ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው።

"ለዚህ ነዋ ሳኝክ የማልሰማው!"

ይህን ሁሉ ምድጃው ጋ ቆሜ ካንተ ሰምቼዋለሁ። ሊያ እንደማውቅ አታውቅም። እትዬ ዘነበች ከሄዱ በኋላ ሳህን እያጠብን፣ የዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ ውስጡ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት።

"እጅ አለ" አለችኝ። ክንድ፣ አንጓ፣ ጣት፤ ጥንት መሬት ላይ ይሄዱ ከነበሩት አያቶቹ የቀረ። የታጠበውን ሳህን ይዛ፣ ሳትጠርገው፣ ረጅም ጊዜ አወራችልኝ። በአማርኛ።

ሐውልትህ ላይ አበባ አኖራለሁ፣ እሱ አይቀርም። አንተን የማስበው ግን በዚህ ነው፤ የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ እጠይቃታለሁ። ለነገ የአዞ ልብ ስንት ክፍል እንዳለው ልጠይቃት አስቤአለሁ።

አልማዝ