የተጫረው ሸክላ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት፣ ጣሊያን የገባበት ክፉ ዘመን፣ ቀኑን አንቺው ገምቺው።

ለልጅ ልጄ፣ ይፋግ፤

እንደምን ከረምሽ፣ እናቴ? አንቺ፣ እናትሽ፣ ከብቱ፣ ያ ገና ያላየሁት እጮኛሽ ደኅና ናችሁ ወይ? የእኔን ጤና አልጠየቅሽም፤ ሳትጠይቂ ልንገርሽ። ጉልበቴ ዝናብን ከደመናው ቀድሞ ያውቃል፣ ጥርሴ ሄዷል፣ ምላሴ ግን ከነትጥቁ አለ። ፈጣሪ ይመስገን።

መልእክትሽን ጓደኛዬ መስዑድ አደረሰልኝ። ታንኳ መሥራት እንጂ ክፉ ወሬ ማቀበል አልለመደም፤ መጀመሪያ የዓሣውን ነገር፣ ቀጥሎ የነፋሱን አወራኝ። በመጨረሻ ዓይኑን ወደ ሐይቁ አዙሮ፣ «ለጣሊያን የተመታ ክራር በሠርጌ አይመታም፤ አያቴም አይምጣ ብላለች» አለኝ። ሳቅሁ። የሳቅሁት እሱ እንዳያለቅስ ነው።

በመጀመሪያ ነገር ክራር ይገረፋል እንጂ አይመታም። ይህን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አስተምሬሽ ነበር። የታንኳው ደንገል ሲታጨድ ጊዜ ከነዶው ላይ ተኝተሽ፣ «አባባ፣ ያንን ድገመው» ስትዪኝ ትዝ ይልሽ ይሆን? የዚያን ጊዜ ክራሬ ከቅል የተሠራች፣ ጅማቷ ከበግ አንጀት ነበረች። አንጀቱን ሾላው ላይ ስናደርቅ ጭልፊት እየነጠቀን ከመስዑድ ጋር ስንት ቀን ድንጋይ ወረወርን! አባቴ መሪጌታው ደግሞ ድጓውን ጥዬ የሰይጣን ዕቃ አነሣሁ ብሎ በመቋሚያ ያባርረኝ ነበር። ያ ዱላ እንኳ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ጣሊያን ገብቶ ቤታችን ሲፈተሽ ክራሬን አንዱ ወታደር ረገጣት። መስዑድ ከጣሉት የዘይት ቆርቆሮ ሌላ ሠራልኝ። ለጅማት የስልክ ሽቦ ተገኘ፤ ከምሰሶው ወድቆ ነው ያገኘነው፤ ወድቆ ነው የምልሽ። የማኅሌት ጓደኛዬ ዓምደ ሚካኤል የረጅም ቅል አንገት ቆርጦ ጡሩምባ አደረገ። ገብረ መስቀል፣ የጊዮርጊስን ከበሮ የሚመታው፣ የቤንዚን በርሜል በፍየል ቆዳ ለጎመ። ገበያ ላይ ስንጫወት የጣሊያኑ ሻምበል ሰማንና አስጠራን። እዚህ አገር እምቢ ያለ ዘፋኝ ሁለተኛ እምቢ አይልም፤ ሄድን።

ሻምበሉ በሸክላ አንድ ዘፈን አሰማን። ጃዝ ይባላል፣ የጥቁር ሰዎች ዜማ ነው፣ የእሱ አለቆች አይወዱትም፣ እሱ ግን በሰንበት በሩን ዘግቶ ይጨፍርበታል አለን አስተርጓሚው። ይህን ተማሩልኝ አለ። ተማርነው። ምን ያደርጋል፣ ሸክላው አንድ ቦታ ተጭሮ ኖሮ መርፌው እየተመለሰ ያንኑ ቁራጭ ይደጋግማል፤ ሻምበሉ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ያልፋል። እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ምን እናውቃለን? ማኅሌት ላይ መሪው ምልክት እስኪሰጥ ይደገም የለ! ይህም እንዲያ ያለ ሥርዓት መሰለን።

በሰንበቱ ያ ቁራጭ ላይ ስንደርስ ደጋገምነው። ደጋገምነው። ሰዉ ግራ ገባው። እኔም ለሻምበሉ ክራሬን ዘርግቼ በጣትዎ ይንኩልን እንጂ አልሁት። ነገሩ ሲገባው ከሳቁ ብዛት ወንበር ያዘ። ከዚያ ወዲያ በትክክል ብንጫወትለት እምቢ አለ፤ ከነጭረቱ ነው የሚፈልገው። ካልነካን ዘፈኑ አያልቅም። የወደቡ ጠባቂዎችም ያንን ለማየት መስኮቱ ላይ ይንጠለጠሉ ጀመር።

መስዑድ ይህን አየ፤ ወደቡ ያለ ጠባቂ መቅረቱንም አየ። በሰንበት በሰንበት አንጫወትም ብለን ያማረርን ጊዜ ግን ተጫወቱ፣ አስረዝሙት ብሎ ለመነን። ይህን ወረቀት በጥምጣሙ ይዞልሽ ይመጣል፤ ቢሆንም ወረቀት ውኃ ላይ ይወድቃል፣ ዓሣ ባይናገር አጥማጁ ይናገራል። ስለዚህ የመስዑድ ታንኳ በሰንበት ምን እንደሚጭን አልጽፍልሽም። ደንገል ይሆናል።

የአምናውን ዳግም ትንሣኤ ግን እጽፍልሻለሁ። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍስ ነበር፤ በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ ታንኳው ከዳር አልላቀቅ ብሏል። ቁራጩ ላይ ደርሰናል። ሻምበሉ ደክሞት ሊነካኝ ጣቱን ሰነዘረ። ክራሬን ወደ ጎን ሸሸግሁና፣

«ጌታዬ፣ ገና ነው» አልሁት።

አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፤ ሻምበሉ ራሱን ነቅንቆ ወደ ጭፈራው ተመለሰ። ሽቦው ጣቴን ሰነጠቀው። ዓምደ ሚካኤል ከንፈሩ አብጦ በዓይኑ ይለማመጠኛል፣ እኔ አላየሁም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ታንኳው ከደሴቲቱ ጀርባ ገባ። ያን ጊዜ በገዛ ጣቴ ክራሬን ነካሁ፤ ዘፈኑም አለፈ።

አባትሽ በዚያው ሰሞን አንበሳሜ ላይ ጭኑን ተመትቶ ይፋግ ድረስ በበቅሎ መጣሁ ብሎሻል አሉ። የየብሱ መንገድ ሁሉ ኬላ ነው። የትኛዪቱ በቅሎ ናት ለጣሊያን ዘብ እንደምን ዋልህ ብላ የምታልፍ? መሐላ ስላለበት አትቆጪው፤ ቀስ ብለሽ ጠይቂው።

እኔ አልለምንሽም፤ ሽማግሌ ሲለምን አያምርም። በሠርግሽ ቀን መስዑድ ያመጣኛል። ከወደባችሁ ራቅ ብለን ታንኳው ላይ እንቀመጣለን። ሰው ብትልኪብን እንወጣለን። ባትልኪብንም ከበሮሽ ውኃ ላይ አጥርቶ ይሰማል፤ እሱን ሰምቼ እመለሳለሁ።

ጎጆሽን ያሙቅልሽ፤ ልጆችሽ እንደ ዳር ደንገል ይብዙ፤ ለባልሽም መስሚያ ጆሮ ይስጠው፣ ያስፈልገዋል። አንብበሽ ስትጨርሺ ለእሳት ስጪው።

የአባትሽ አባት