በኤርመሊንዳ ፋንታ የሚናገር ማሽን

ሰኞ፣ ሜይ 12

ይህን የምትጽፈው ኢዳሊና ናት፣ የአጥር ጎረቤቴ። ትምህርት ቤት ወጥ ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች። እጁ የሷ፣ ቃሉ የኔ የኩስቶዲዮ። እኔ ጢም ሳላበቅል መጥረቢያ ይዤ ጫካ ገባሁ፣ እስክርቢቶ የሰጠኝም የለም። አላፍርበትም። የምለውን ብቻ ጻፊ፣ ከራስሽ ጨው አትጨምሪ አልኳት። "ጨው የሌለውን ማን ይበላዋል?" አለች። ይህንንም ጻፊው።

ለማንም አይደለም። ለራሴ ነው።

ዛሬ ምንም የለም። ባቄላ ኮተኮትኩ። አንዷ ዶሮ አሁንም አጥር ሥር ትጥላለች። የቡሽ ልጠቱ፣ ለጠርሙስ ክዳን የሚሆነውን የዛፍ ቅርፊት መላጡ፣ ሊጀመር ነው፣ የጫካ ጓደኞቼ ሊወስዱኝ መጡ። አልሄድም አልኳቸው። ኤርመሊንዳን ለማን ጥዬ? ሚስቴ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ረግቶ ከወደቀች ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣትም። ቀኝ እጇም ከዳት። ግን ትሰማለች፣ ዓይኗ ይከተለኛል። ምን ልስጥሽ ስላት "እ... እ..." ብቻ። ዕድሜ ልኬን አብሬያት ኖሬ ውሃ ይሁን ትራስ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ሊጂያ መጣች፣ ከሆስፒታሉ፣ ንግግር የምታለማምደው። "አባቴ፣ ላፕቶፕ ይግዙ፣ ርካሽም ቢሆን ግድ የለም" አለች። ሥዕል ያለበት ፕሮግራም አላት። ኤርመሊንዳ በግራ እጇ ሥዕሉን ስትጫን ማሽኑ ቃሉን ይናገራል፣ እሷም ተከትላ ትሞክራለች። በስልክ አይሆንም፣ ሥዕሉ ያንሳል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል።

"ብቻ ዊንዶውስ ያለው ይሁን። ፕሮግራሜ በሌላ አይሠራም።"

ኢዳሊና "በወረቀት ልያዝልህ?" አለችኝ። የትኛው ዛፍ በየትኛው ዓመት እንደተላጠ በጭንቅላቴ የያዝኩ ሰው አንዲት ቃል ልረሳ? ተይው አልኳት።

ዓርብ፣ ሜይ 16

ገበያ ወጣሁ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ቀጫጭኖቹን ይደረድርልኛል። እኔ ቀጭን አልገዛም። ቀጭን ቅርፊት ለጠርሙስ ክዳን እንኳ አይሆንም። በጣቴ አንጓ አንድ በአንድ አንኳኳሁ፣ እያነሳሁ መዘንኩ። አንዱ ወፍራም፣ ድምፁም ሙሉ።

"አባባ፣ እሱ እኮ አሮጌ ነው" አለኝ። "ሜሞሪውም ትንሽ ነው።"

"እኔስ አሮጌ አይደለሁም?"

"ውስጡም ባዶ ነው፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የለውም።"

"ዊንዶውስ የሚሉትን ማለትህ ነው?"

"ዊንዶውስ ወይ ሊኑክስ፣ ከሁለት አንዱ። ያለዚያ በድን ነው። የሚያውቅ ሰው ይጭንልዎታል።"

ወሰድኩት። ርካሽም ነበር። አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው መጣሁ።

እሑድ፣ ሜይ 18

የእህቴ ልጅ ሩበን መጣ። ኤሌክትሪሲያን ነው፣ እጁ ሁሉ ነገር ውስጥ ይገባል። ማሽኑን አይቶ ሳቀ። "አጎቴ፣ ይኸን ከሙዚየም ነው ያመጣኸው?"

ዊንዶውስ ጫን አልኩት። ይህ ማሽን አይችለውም አለ። "ሊኑክስ ልጫንልህ። ነፃ ነው፣ ቀላልም ነው፣ አሮጌውን ያስሮጠዋል።"

"ሊጂያ ዊንዶውስ ነው ያለችው።"

"ሊጂያ ማሽንህን አይታዋለች?"

አላየችውም። እሷ የኤርመሊንዳን ምላስ ታውቃለች፣ እሱ ማሽኑን ያውቃል... እኔ ምን አውቃለሁ? ሰውን ዓይኑን አይቼ ነው የምለየው፣ የሱ ዓይን ደግሞ አይዋሽም። እሺ ጫን አልኩት።

እውነቱን ነው፣ ሮጠ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

ሊጂያ ፕሮግራሟን ይዛ መጣች፣ አልገባም አለ። ጠዋቱን ሙሉ ታገለችው። ሩበን ጋ ደወልን። እሱ ሌላ፣ ነፃ፣ ሥዕል ያለው ፕሮግራም አገኘ። "እስኪ ለጊዜው ይሞከር" አለች ሊጂያ፣ ፊቷ ግን አልወደደውም።

የኤርመሊንዳን ግራ እጅ ይዤ የውሃው ሥዕል ላይ አስጫንኳት። ማሽኑ "ው-ሃ" አለ። ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋበት ሰው ይመስላል። ኤርመሊንዳ ደነገጠች። ደግመን ተጫንን። "ው-ሃ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደጋግመው ይሞክሩ አለችኝ ሊጂያ ስትወጣ።

ሐሙስ፣ ሜይ 22

ዛሬም ወደ ግድግዳው።

እንግዲህ እኔ የማውቀው አንድ ነገር አለ። መጥረቢያውን ስትሰነዝር ቅርፊቱ በደረቁ ከጮኸ፣ አይለቅም ማለት ነው። ካስገደድከው ሥሩ ያለውን ቆዳ ትቀደዋለህ። እኛ እናት ነው የምንለው ያንን ቆዳ። እናት ከቆሰለች ዛፉ ዳግም ቡሽ አያበቅልም። ስለዚህ ትተወዋለህ፣ ትሄዳለህ። ሲለቅ ይለቃል። ስንቱን ጎረምሳ በዚህ ነገር ከዛፍ ላይ አውርጃለሁ!

ማሽኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ኤርመሊንዳ ትንሽ ትረፍ።

"አንተ ግትር፣ ሚስትህን ዛፍ አደረግካት?" አለች ኢዳሊና። ጻፊ፣ አትጨቅጭቂኝ።

ሰኞ፣ ጁን 2

እያረፈች ነው። አላስገደድኳትም።

ሰኞ፣ ጁን 9

ዛሬ ምን ልስጥሽ ስላት "እ" እንኳ አላለችም። ዓይኗን ከደነች... ይኼ ዕረፍት ነው? አትጻፊው። እሺ ጻፊው።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ሊጂያ መጣች። "ልምምዱ እንዴት ነው?"

"አሳርፌያታለሁ" አልኳት። ቀና ብዬ ነው ያልኩት።

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። "ከመቼ ጀምሮ አባቴ?"

ነገርኳት። እናት ስለምንለው ቆዳም፣ ስለ ቅርፊቱም። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"ዛፍ ላይ ልክ ነዎት" አለች ቀስ ብላ። "ጭንቅላት ግን ሲተዉት አያገግምም። ያልተሠራበት እየደረቀ ይሄዳል። በተለይ እነዚህ የመጀመሪያ ወራት..."

"አደረቅኳት ነው የምትዪኝ?"

"አላውቅም አባቴ። እውነቱን ነው፣ አላውቅም።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ እመልሳለሁ። ለአላውቅም ምን ይመለሳል?

ኢዳሊና መጻፉን አቆመች። ለምን ታቆሚያለሽ? ጻፊው እንዳለ።

ዓርብ፣ ጁን 13

ሩበንን ጠራሁት። "ያንን አውጣና ዊንዶውስ ጫን።"

"አጎቴ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚጎተትብህ!"

"ቀንድ አውጣ እዚህ ቤት በነጭ ሽንኩርት ይበላል። ጫን!"

ጫነ። ቀኑን ሙሉ ፈጀ። መስታወቱ ላይ ትንሽ ቀለበት ትዞራለች... ትዞራለች። አጠገቡ ቆምኩ። "ላግዝህ?" ስለው "ጠረጴዛውን አትደገፍ" አለኝ። ያ ነው የኔ ሥራ፣ ጠረጴዛ አለመደገፍ። አርባ ሰው ጫካ ውስጥ በፉጨት ያሰማራሁ ሰውዬ።

ሲወጣ "ሊጂያን መስማት ነበረብኝ አጎቴ" አለ። እኔም አልኩት።

ሰኞ፣ ጁን 16

የሊጂያ ፕሮግራም ገባ። ይሠራል። ሥዕሉን ትጫናለህ፣ ማሽኑ ይተክዛል፣ ከዚያ አንዲት ሴት ትናገራለች፣ የሊዝቦን ሴት። ኤርመሊንዳ የሊዝቦን ሰው አትወድም፣ ቃል ያላምጣሉ ትላለች። ትል ነበር። ግን ፊቷን አላዞረችም።

ሊጂያ ሥዕሎቹን ሁሉ አንስታ ሁለት ብቻ ተወች፣ አንዱ አዎ፣ አንዱ አይ። ግራ እጇን አስቀመጠችላት። "ይጠይቋት" አለችኝ።

ውሃ ልስጥሽ? ጠበቅን... ቀለበቷ ዞረች... "አይ" አለች የሊዝቦኗ ሴት።

ያምሻል? "አይ።"

ኢዳሊናን ልጥራልሽ? "አይ።" ኢዳሊና በሩ ላይ ነበረች፣ "እግዜር ይስጥሽ" አለቻት፣ ሳቅን።

ቡሽ ልላጥ ልሂድ? ይሄን ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። በጣም ቆየ። ማሽኑ ይሁን እሷ የቆየችው አልለየሁም።

"አይ።"

በረንዳ ወጣሁ።

ሊጂያ ተከተለችኝ። ቀጥተኛ ሴት ናት፣ አከብራታለሁ። ብዙ ተስፋ አያድርጉ አለች፤ እጇ አይ ላይ ስላረፈ ብቻ እየተጫነች ሊሆን ይችላል። ለመለየት መልሱ አዎ የሆነ ነገር ይጠይቋት። "ስሜ ኩስቶዲዮ ነው ወይ በላት" አለች ኢዳሊና ከኋላ።

ገባሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አየችኝ።

አልጠየቅኳትም። ሊጂያ ነገ ትጠይቃት። እኔ... አይ ብትለኝስ? ዛሬ አልችልም።

ይበቃል። በይ አንብቢልኝ አሁን፣ ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳትዘይ። ቆይ፣ መጀመሪያ የኤርመሊንዳን ክፍል በር ክፈቺው። ጮክ ብለሽ አንብቢው።