የምናለ ቦይ

የልጆቼ አባት፣

አንተን ከቀበርን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እንዴት ከረምክ አልልህም፤ አንተማ አረፍክ። የተቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ያቃጠለኝም ወንድምህ ምናለ ነው።

በቀበርንህ በወሩ፣ አምና መስከረም ላይ፣ በረዶው ገብሱንም ድንቹንም እንዳልነበረ አደረገው። ምናለም በሬዎቹን ሸጦ፣ ቤቱን ቆልፎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቆላ ወረደ። ለምን ሄደ አልልም። ልጆቹን ምን ያብላቸው? ግን ከላያችን ያለውን የቦይ ድርሻውን ለማን ጥሎ ነው የሄደው? እኔ የኛን ድርሻ ግንቦት ላይ ቆፍሬ፣ ዳሩን በድንጋይ ደግፌ፣ ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ አስጭኜ፣ የተረፈችኝን እህል ቆጥ ላይ አውጥቼ ክረምቱን ጠበቅኩ። አንተ ብትኖር እንከን አታገኝበትም ነበር። ሐምሌ ላይ ጎርፉ መጣና በደለል የተደፈነው የምናለ ቦይ ጋ ሲደርስ መንገዱን ለቆ በጓሮ በር ገባልኝ። ጥጃዋን አልጋችን ላይ አወጣኋት።

ኮረብታው ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ፈልጌ ደወልኩለት። ይቅርታ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ቤቱን ዘግቼ እኔም ወደሱ እንድወርድ መከረኝ። ቀበሌ ስሄድ መሬቱ በስሙ ነው፣ እሱን ጠይቂ አሉኝ። ሰሞኑን ደግሞ ስብሰባ ጠርተው ለክረምቱ ቦይ ቆፍሩ ሲሉን ደሜ ፈላ። ተነስቼ፣ «የኔ ተቆፍሯል። የሄዱትን ሰዎች ቦይ ማን ይቆፍር?» አልኩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከመንደራችን አንድ ሰው ቆላ ያልወረደበት ቤት ጥቂት ነው።

ልጃችን ደሳለኝም እንጅባራ ባጃጅ እየነዳ በተከራያት ክፍል አብሬው እንድኖር ይጨቀጭቀኛል። አንዳንዴ ልሄድ እነሳለሁ። ብሄድ ግን የኔም ቦይ ይደፈናል፤ ውሃው ከታች ያሉት እትዬ ጠጅቱ ላይ ይወርዳል። እሳቸው ደግሞ እንኳን ከጎርፍ ሊያመልጡ፣ ደጃፋቸው የሚወጡትም በምርኩዝ ነው።

ትዝ ይልሃል? ከምናለ ጋር ስትቆፍሩ ሁልጊዜ ድንበሩን አንድ እርምጃ ታልፍለት ነበር። ምሳ ይዤ ስመጣ፣ ጉልበትህ ተርፎህ ነው ወይ ብዬ ስቆጣ፣ ላብህን እየጠረግክ ትስቅ ነበር። ያ ሳቅህ ዛሬም ያናድደኛል። ናፍቆኛልም።

ትናንት ዶማህን ይዤ ወደ ምናለ ድርሻ ወጣሁ። እጄ ተላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ፤ እሱንም አንተንም ስሳደብ ዋልኩ። ገና ግማሽ ላይ ነኝ። ዝናቡ ከቀደመኝ እንግዲህ ጥጃዋ አልጋውን ታውቀዋለች።

አልረሳህም። እጄ ዶማ እስከያዘ ድረስ፣ ግንቦት በመጣ ቁጥር እየተነጫነጭኩ አስታውስሃለሁ። የእትዬ ጠጅቱ ድንበር ጋ ስደርስም አንድ እርምጃ አልፌ ነው የማቆመው።