ድንጋዩ በእኔ ጫንቃ

ልጄ ሊዲያ፣ ያለሽበት አገር ሰዉም ብርዱም ይራራልሽ። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል። ኮዬ ፈጬ ውሃው ዛሬም እንደልቡ ነው፤ ሲለው ይመጣል።

የብሎካችን የሰላም ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንኩ ብዬ ጉራዬን ነዝቼብሽ ነበር። አራተኛ ፎቅ የተከራየች ሐጀራ የምትባል ልጅ አለች። ሰው አታናግርም፤ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ እያስገባች በሯን ትዘጋለች። ተጠራጠርኩና ለፖሊስ ጠቆምኩባት። ሁለት ቀን ታስራ ተፈታች። ማዳበሪያው ውስጥ የተገኘው እየዞረች የምትሸጠው የሕፃናት ጫማ ነው።

በማግስቱ እኔው ቤት መጣች። «እማማ፣ የጠቆመብኝን ሰው ፈልገው ያስታርቁን፤ ምን እንዳስቀየምኩት ልወቅ» አለችኝ። እኔው መሆኔን ደብቄ፣ እሺ ብዬ ሸኘኋት።

ስንቱን በዳይ ድንጋይ አሸክሜ ይቅርታ ያስጠየቅኩ ሴትዮ፣ እሑድ ዕለት ድንጋዩን በራሴ ጫንቃ አድርጌ፣ ጎረቤት እያየኝ ደረጃውን ወጣሁ። ሐጀራ በሯን ከፍታ አወረደችልኝ። «አውፍ ብያለሁ። ግን ምነው እማማ፣ አንድ ቀን እንኳ አንኳኩተው ማን ነሽ ቢሉኝ?» አለችኝ።

አንቺም በሰው አገር ተከራይ ነሽ፤ ዝምተኛም ነሽ። እመብርሃን እንደ እኔ ካለ ዓይን ትሰውርሽ። እባክሽ የኔ ልጅ፣ እኔን የመሰለች ጎረቤት አትጠፋምና፣ ከመጠርጠሯ በፊት በሯን አንኳኪና ስምሽን ንገሪያት።

እናትሽ በላይነሽ