ሦስት ሴቶችን አንድ ላደረገው ሥርዓት

ለክቡር የመድኃኒት ስጋት ትንበያ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የሚወስዱት መድኃኒት ካለ የሚስማማዎት እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። አምሀ እባላለሁ፤ ወልቂጤ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ውድ ጊዜዎን የምሻማው ለማመስገን ነው።

መድኃኒት ሰው ከመጉዳቱ በፊት በመረጃ ስሌት የሚተነብይ ሥርዓት ስለዘረጉልን አመሰግናለሁ። በሥልጠናው ዕለት የእኛ አካባቢ በሥርዓቱ የስጋት ካርታ ላይ «ስጋት የለም» የሚለውን አረንጓዴ ሆኖ ሲበራ ያጨበጨብኩት ከልቤ ነበር። ቅሬታ ለማለት ባልደፍርም፣ እግረ መንገዴን ጥቂት ነገሮች ላንሳ።

አንደኛ፦ ባለፈው ሚያዝያ አዲስ የሚጥል በሽታ መድኃኒት መጣልን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘርፈሽዋል ከቸሃ፣ ፀጋ ከአገና፣ ማስተዋል ከጉብሬ፣ አፋቸው ቆስሎ፣ ቆዳቸው እሳት እንደነካው እየተላጠ መጡ። ወደ ሆስፒታል ላክናቸው፤ ተረፉ። እኔም መድኃኒት ጉዳት ሲያደርስ የሚሞላውን ቢጫ ቅጽ ለእያንዳንዳቸው ሞልቼ ወደ ሥርዓትዎ አስገባሁ። ሥርዓትዎ ለምስጢር ጥበቃ ሲል ስም አይቀበልም። የካርድ ክፍላችን ደግሞ ዕድሜዋን በትክክል ለማታውቅ ሴት ሁሉ «ሠላሳ» ብሎ ይጽፋል፤ ማስተዋል ገና ያላገባች ልጅ፣ ፀጋ የአምስት ልጆች እናት መሆናቸው አያግደውም። ሦስት የሠላሳ ዓመት ሴቶች፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ መድኃኒት፣ አንድ ዓይነት ሕመም። ለእኔ ቢጤ ተራ ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ሥርዓትዎ ግን አንዱን ሪፖርት ሦስት ጊዜ እንደላክሁት ደረሰበትና ሁለቱን ሰረዘልኝ።

ሁለተኛ፦ መድኃኒቱን ማደል አቁሜ ጻፍኩልዎ። በዘጠነኛው ቀን መልስ ሰጡኝ፤ ፍጥነትዎን አደንቃለሁ። «ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ ዕደላው ይቀጥል» ይላል። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት መድኃኒት ያጡ ሕሙማን በየመንገዱ እየወደቁብኝ ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደብዳቤዎ ትልቅ እፎይታ ሰጠኝ። ካርቶኑን መልሼ ከፈትኩ።

ከዚህ በኋላ አንደኛ፣ ሁለተኛ ማለቱን ትቼዋለሁ። በማግስቱ ትርሲት የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ልትወስድ መጣች። መናኸሪያው አጠገብ ቀሚስ የምትሰፋ፣ የሰፈሩ ሙሽሮች ሁሉ የሚያውቋት ልጅ ናት። ማሸጊያውን አገላብጣ አየችና፣ «አዲስ ነው እንዴ? ችግር የለውም?» አለችኝ።

«አዲስ አበባ ድረስ ታይቷል፤ አትስጊ» አልኳት።

በገዛ እጄ ሰጠኋት፣ ክቡር ዳይሬክተር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃት ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። በድምፄ አወቀችኝና፣ «ታይቷል አላሉኝም?» ብቻ አለች። ሕይወቷ ተርፏል፤ ዓይኖቿ ግን ከእንግዲህ እንደማያዩ ሐኪሙ ነገረን። የስፌት መኪናዋን እናቷ በአንሶላ ሸፍነውታል።

በዚያው ሳምንት ዘርፈሽዋልን፣ ፀጋንና ማስተዋልን በየቤታቸው ሄጄ አስፈቀድኳቸው፤ ፎቶግራፋቸውን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። አንድ ትሁት ወጣት ባለሙያዎ ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ካየ በኋላ፣ «ውይ! ሦስት ሰዎች ናቸው እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ሦስት ናቸው አልኩት። አራተኛዋንም ነገርኩት። እዚያው ቁጭ ብሎ የተሰረዙትን መለሰ፤ ካርታው ላይ የእኛ አካባቢ ወዲያው ቀላ። በስምንተኛው ቀን መድኃኒቱ ከየጤና ጣቢያው ተሰበሰበ። ሰው መሆናቸው በፎቶግራፍ ስለተረጋገጠላቸው ሦስቱም ሴቶች ምስጋናቸውን እንዳደርስላቸው አዘውኛል።

የስሌት ጥበብዎን አልጠላሁም፤ ከልቤ እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ብቻ፣ ከመሰረዙ በፊት አንድ ሰው ስልክ አንስቶ ቢጠይቀኝ፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ መልስ ነበረኝ።

ለማዕከልዎ ብልጽግናን፣ ለኮምፒውተሮችዎ ያልተቋረጠ መብራትን፣ ለእርስዎ ጥሩ እንቅልፍን እየተመኘሁ፣ በሥርዓትዎ ዘንድ የተጋነነ ሪፖርት አቅራቢ ሆኜ የተመዘገብኩ፣

ታዛዥዎ አምሀ
ወልቂጤ

ማሳሰቢያ፦ የማዕከልዎ ዓመታዊ ሪፖርት ደርሶኛል። የወልቂጤው መድኃኒት ጉዳይ «ሥርዓቱ ስጋቱን አስቀድሞ የለየበት ስኬት» ተብሎ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሰፍሯል። ለትርሲት አነበብኩላት። «አስቀድሞ» የምትለዋን ቃል ይድገሙልኝ አለችኝ።